እንዲህ አይሰጠምም!

መመሪያ፦ ውጣ! ውጣ ብያለሁ! እንዲህ አይሰጠምም!

ቀስታ፦ [ራሱን ከውሃው ብቅ አድርጎ ዓይኑን እየጠረገ] ኧረ እኔስ ጨርሼ ሰጥሜ ነበር። ምን ጎደለው?

መመሪያ፦ ሥርዓት ጎደለው! ዝም ብለህ ቁልቁል ወረድክ እኮ! ሰው ሲሰጥም ይናገራል፣ ያስታውቃል፣ ወገኑን ይጠራል።

ቀስታ፦ እኔ ያየኋቸው ግን...

መመሪያ፦ ያየኸውን ተወውና የተጻፈውን ስማ!

[ቦታው የከተማው መዋኛ ገንዳ ነው፤ ጊዜው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አንድ ሰዓት ቆይቶ የገንዳው በር ለበጋው ወራት ይከፈታል፤ ነዋሪውም ግልብጥ ብሎ ይመጣል። ጠርዙ ላይ ቆሞ ወረቀት የሚያውለበልበው ሰውዬ የማዘጋጃ ቤቱ የበጋ ዝግጅትና የደኅንነት አስተባባሪ ነው። ያለ መመሪያ ውሃ እንኳ ስለማይጠጣ ሰዉ ራሱን “መመሪያ” ብሎ ጠራው። ውሃው ውስጥ ያለው የገንዳው ጠባቂ፣ የሚስቱ ወንድም ነው። ነገሩ ሁሉ በዝግታ ስለሆነ “ቀስታ” ይሉታል፤ ስሙ እሱን ለማለት መሆኑን የተረዳው በሁለተኛው ዓመት ነው። የዛሬው ትርኢት አጭር ነው። ቀስታ በሕዝብ ፊት ይሰጥማል፣ መመሪያ ገብቶ ያወጣዋል። የመመሪያ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ “አባቴ ሰው ከውሃ ያወጣል” ብላ የክፍሏን ልጆች በሙሉ ጋብዛለች፤ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጠው። አንድ ችግር ብቻ አለ። መመሪያ ዋና አይችልም። ይህን ከፈጣሪና ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ትርኢቱን በዛፉ በኩል አድርጎታል፤ በያዘው የገንዳው ፕላን መሠረት በዚያ በኩል ውሃው ከእምብርት አያልፍም።]

መመሪያ፦ እንደገና ላንብብልህ። “ሰጣሚው በመጀመሪያ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ቀጥሎም ጥርት ባለ ድምፅ ሦስት ጊዜ ‘እርዱኝ’ ይላል።” የቱ ነው ያልገባህ?

ቀስታ፦ ሁሉም ገብቶኛል። ግን ግራኝ የሆነስ?

መመሪያ፦ ማን?

ቀስታ፦ ሰጣሚው። ግራኝ ከሆነ ቀኙን እስኪያስታውስ... ደግሞ አንተ...

መመሪያ፦ አንቱ!

ቀስታ፦ እ?

መመሪያ፦ በሥራ ሰዓት አንቱ በለኝ ብዬሃለሁ። ሰው ይሰማል።

ቀስታ፦ [ዙሪያውን አየት አድርጎ] ከእኛ ሌላ ያለችው እርግብ ናት። ቁርስ ላይ ደግሞ አንተ ነበርክ።

መመሪያ፦ ቁርስ ሌላ፣ ሥራ ሌላ!

ቀስታ፦ ይሁን። አንቱ እንዳሉት።

መመሪያ፦ በል ስጠም!

[ቀስታ አየር ሳበ፣ የትኛው ቀኝ እንደሆነ አስቦ እጁን አነሳ።]

ቀስታ፦ እርዱኝ። እርዱኝ። እርዱኝ... ካላስቸገርኳችሁ።

መመሪያ፦ “ካላስቸገርኳችሁ” የሚለው የት ነው የተጻፈው?

ቀስታ፦ አልተጻፈም። ግን ሰዎቹ ተቀምጠው እየተዝናኑ ነው፤ ከተቀመጡበት ማስነሳት ትንሽ ይከብዳል።

መመሪያ፦ እየሞትክ ነው እኮ አንተ ሰውዬ!

ቀስታ፦ ቢሆንም ጨዋነት አይከፋም።

መመሪያ፦ እንደገና! ከሆድህ ጩኽ! ጎረቤት እንዲሰማ!

ቀስታ፦ እርዱኝ! እርዱኝ!

[ጎንበስ ብሎ ከውሃው አንድ ነገር አነሳ።]

መመሪያ፦ ሦስተኛውስ? ሦስተኛው የታለ? ቆይ፣ እጅህ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ቀስታ፦ ቅጠል።

መመሪያ፦ የምን ቅጠል?

ቀስታ፦ ከዛፉ የወደቀ። ጠዋት ጠርጌ ነበር፤ አሁን ደግሞ ይኸው መጣ። አይቼ ማለፍ አልሆነልኝም።

መመሪያ፦ እየሰጠምክ ቅጠል ትለቅማለህ?

ቀስታ፦ እግረ መንገዴን ነው።

መመሪያ፦ [ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ] ወይ መከራዬ! የሰው ያለህ! እስቲ ቀጥ ብለህ ቁምና አዳምጠኝ።

ቀስታ፦ መቆም አልችልም።

መመሪያ፦ ለምንድን ነው የማትችለው?

ቀስታ፦ መሬቱ ሩቅ ነው።

መመሪያ፦ ስንፍና ነው እሱ! ሰሌዳው ከጀርባህ ተተክሏል። ምን ይላል?

ቀስታ፦ [ዞሮ ፊደል እየቆጠረ] “ጥልቀት... አንድ... ሜትር።”

መመሪያ፦ አንተስ ስንት ነህ?

ቀስታ፦ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት።

መመሪያ፦ ታዲያ ሰባ አምስቱ የት ሄዶ ነው መቆም ያቃተህ?

ቀስታ፦ ስለ ሰሌዳው ልነግርዎት የፈለግሁት እኮ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ...

መመሪያ፦ የሰሌዳው ነገር በደብዳቤ ተዘግቷል! ማክሰኞ መጣሁ፣ ፕላኑን ዘረጋሁ፣ ሁለቱ ሰሌዳዎች ቦታ ተቀያይረው ተተክለው አገኘሁ። ጥልቁ በሻወሩ በኩል፣ አንድ ሜትሩ በዛፉ በኩል መሆን ሲገባው! “በአስቸኳይ ይስተካከል” ብዬ ጻፍኩልህ፤ አስተካከልክ። በዕድሜህ አንዴ ፈጥነህ የሠራኸው ሥራ ቢኖር እሱ ነው፤ አሁን አታበላሸው።

ቀስታ፦ ፕላኑን እንዴት አድርገው ነበር የያዙት?

መመሪያ፦ በሁለት እጄ! እንዴት ይያዛል ታዲያ?

ቀስታ፦ ማለቴ፣ የቱ ወደ ላይ...

መመሪያ፦ ወደ ቁም ነገር እንመለስ!

[ቀስታ ወደ ጠርዙ ተስቦ በክርኑ ተደገፈ። ነገሩን በሆዱ ሲያብላላ ቆየ፤ እሱ ሲያብላላ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።]

ቀስታ፦ እሺ፣ ሌላ ነገር ልጠይቅ። እዚህ ገንዳ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆምኩ። ሰባት ሰው አውጥቻለሁ። ከሰባቱ አንድም የጮኸ የለም። በምን አፋቸው? አፋቸው ውሃ ነው። እጃቸውም ወደ ላይ አይነሳም፤ ውሃውን ወደ ታች ነው የሚጫኑት። አጠገባቸው ሰው እያወራ፣ እየሳቀ፣ እነሱ ጭልጥ ይላሉ።

መመሪያ፦ [ከልቡ አዝኖላቸው] ያልሠለጠኑ ስለሆኑ ነዋ!

ቀስታ፦ እ?

መመሪያ፦ ሥልጠና ቢያገኙ ኖሮ ይጮሁ ነበር። ዝግጅቱ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ቀስታ፦ ታዲያ ሕዝቡን ጩኸት ጠብቁ ብለን ካስተማርነው፣ ዝም ብሎ የሚሰጥመውን ማን ያየዋል?

[መመሪያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመው ሁሌም የሚያደርገውን አደረገ፤ ወረቀቱን ገለጠ።]

መመሪያ፦ ከአንተ ጋር አፌን ከማደርቅ ንግግሬን ልለማመድ። አንተ ሕዝብ ሁን።

ቀስታ፦ ውሃ ውስጥ ሆኜ?

መመሪያ፦ የትም ሁን! [ጉሮሮውን ጠርጎ] የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ እንኳን ለበጋው ወራት በሰላም አደረሳችሁ! ተራ ቁጥር አንድ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይዋ ስለምትበረታ አረጋውያን ከቤት እንዳይወጡ በጥብቅ እናሳስባለን።

ቀስታ፦ [ሲያጨበጭብ ውሃ እየረጨው] እሰይ! ይህስ ደግ አሳብ ነው።

መመሪያ፦ ተራ ቁጥር ሁለት። የአረጋውያን የእግር ጉዞ ዘወትር ሐሙስ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ከመናፈሻው በር ይነሳል።

ቀስታ፦ እነማን ናቸው የሚጓዙት?

መመሪያ፦ አረጋውያን አልኩህ።

ቀስታ፦ ከቤት ያልወጡት?

መመሪያ፦ [ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ] እሱ... አንዱ ከጤና ክፍል የመጣ ነው፣ አንዱ ከስፖርት ክፍል። ሁለቱም በየክፍላቸው ትክክል ናቸው።

ቀስታ፦ አረጋውያኑስ የየትኛው ክፍል ናቸው?

መመሪያ፦ ሕዝብ በንግግር መሃል ጥያቄ አይጠይቅም! ተራ ቁጥር ሦስት። ሙቀት የጠናበት ነዋሪ ቤተ መጻሕፍቱ ቀዝቃዛ አዳራሹን ከፍቶ ስለሚጠብቀው ገብቶ ይረፍ። ተራ ቁጥር አራት። ቆሻሻ የሚሰበሰበው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ በዋዜማው አታውጡ፤ ውሻ ይበትነዋል። ተራ ቁጥር አምስት። ድንገተኛ አደጋ የደረሰበት ማንኛውም ነዋሪ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በሥራ ሰዓት፣ በቢሯችን ስልክ ይደውል።

ቀስታ፦ ቅዳሜ የደረሰበትስ?

መመሪያ፦ ሰኞን ይጠብቅ!

ቀስታ፦ ዛሬ ምንድን ነው?

መመሪያ፦ ቅዳሜ።

ቀስታ፦ እንግዲያስ እንጠንቀቅ።

[መመሪያ ወረቀቱን አጥፎ ሰዓቱን አየ። ሃምሳ ደቂቃ ቀርቶታል። ለእንግዶቹ ከተተከለው ድንኳን ሥር የተደረደሩትን ወንበሮች፣ በተለይም የፊተኛውን ረድፍ አየ። ድምፁ ድንገት ወረደ።]

መመሪያ፦ ትንሿ እዚያ ነው የምትቀመጠው። ከግራ ሦስተኛዋ ላይ።

ቀስታ፦ አውቃለሁ። ራሷ መጥታ ወንበሯን መርጣለች። ጎን ለጎን ለጓደኞቿ ደብተር አስቀምጣ ያዘችላቸው።

መመሪያ፦ ትናንት “አባዬ፣ አንተ ጎበዝ ዋናተኛ ነህ አይደል?” አለችኝ።

ቀስታ፦ ምን አሏት?

መመሪያ፦ ምን እላለሁ? አዎ አልኳት። [ጫማውን እያየ] ሰው በማንም ፊት ይፈር፣ ይቻላል። ልጁ ፊት ግን...

ቀስታ፦ [ረዘም ላለ ጊዜ አይቶት] አንቱ፣ ይሄ ዋና የሚሉት ነገር...

መመሪያ፦ ምን?

ቀስታ፦ ምንም። ስለ ሰሌዳው ግን፣ እባክዎን...

መመሪያ፦ [እንደገና ግሎ] አሁንም ሰሌዳ! አንድ ሰው መስጠም አቅቶት ሰሌዳ ያማርራል! ውጣ! ውጣ ከውሃው! እኔ ራሴ ሰጥሜ አሳይሃለሁ።

ቀስታ፦ እርስዎ? በዚህ በኩል?

መመሪያ፦ ታዲያ በየት በኩል? [ሸሚዙን እያወለቀ] ይህን ያዝ። ሰዓቴንም ያዝ። ፊሽካዬንም።

ቀስታ፦ [በመሰላሉ ወጥቶ፣ ልብሱን ተሸክሞ] በሻወሩ በኩል ቢገቡ ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል።

መመሪያ፦ ዝም አይነቅዝም የሚባልም አለ! አንብብ ሰሌዳውን!

ቀስታ፦ ይላል፣ ሰሌዳውማ ይላል...

መመሪያ፦ ከእንግዲህ አንዲት ቃል እንዳልሰማ! አንዲት! እኔ ሦስት ጊዜ “እርዱኝ” ስል የነፍስ አድን ጎማውን ትወረውራለህ። ከዚያ በፊት ከአፍህ ትንፍሽ እንዳትል። ገባህ?

[ቀስታ ልብሱን አስቀምጦ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ።]

መመሪያ፦ እጅህን አውርድ!

[ቀስታ እጁን አወረደ። ግን ከጠርዙ አልራቀም፤ የእግሩን ጣቶች በጠርዙ ላይ አሳልፎ ቆመ።]

መመሪያ፦ እንግዲህ ዓይንህን ገልጠህ ተማር። አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ያለ ሰጣሚ በቅድሚያ ተረጋግቶ...

[ገባ። እግሩ መሬት ፈለገ፤ መሬት አልነበረም። ቀኝ እጁን ላንሳ አለ፤ እጁ ግን አልሰማውም፣ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። “እርዱኝ” ሊል አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ሳይወጣ ውሃው ገባ። ልጁን አሰበ፣ ሦስተኛዋን ወንበር። ገንዳው ጭር አለ። እርግቧ እንኳ ከቦታዋ አልተነሳችም።]

ቀስታ፦ አሃ።

[ሦስትም አልቆጠረ፣ ጎማም አልፈለገ። ይህ ሰው በዕድሜው እንዲህ ፈጥኖ አያውቅም። ከአፍታ በኋላ መመሪያ ጠርዙ ላይ በጎኑ ተኝቶ፣ ፎጣ ለብሶ፣ የጠጣውን ውሃ ለከተማው ይመልሳል።]

መመሪያ፦ [እያሳለ] መሬቱ... መሬቱ የት ሄደ?

ቀስታ፦ ሩቅ ነው ብዬህ ነበር።

መመሪያ፦ አንድ ሜትር... ይላል እኮ!

ቀስታ፦ የሚለው ሰሌዳው ነው። ውሃው ሦስት ሜትር ተኩል ነው። አንተ ፕላኑን ገልብጠህ ይዘህ ሰሌዳዎቹን አቀያይር ብለህ ጻፍክልኝ። ደብዳቤ ነው ብዬ አቀያየርኩ። ግን ያዞርነው ሰሌዳውን ነው እንጂ ውሃውን አላዞርነውም።

መመሪያ፦ [ተስፈንጥሮ ተቀምጦ] ልጆቹ! ልጆቹ በዚህ በኩል ቢገቡ ኖሮስ!

ቀስታ፦ የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ሰሌዳውን መልሼ ሳልተክል እንኳን ልጅ ድመት አላስገባም ነበር። ለአንተ ደግሞ ልነግርህ ጠዋቱን ሙሉ አፌን ስከፍት ነበር።

መመሪያ፦ እኔስ?

ቀስታ፦ ስትዘጋው ነበር።

[መመሪያ እግሩን ወደ ፎጣው ሰበሰበ።]

መመሪያ፦ ዋና እንደማልችል አወቅህ እንግዲህ።

ቀስታ፦ አሁን ነው እንዴ የማውቀው? አሥራ አንድ በጋ እዚህ መጣህ፤ አንድ ቀን ጫማህን አውልቀህ አታውቅም። በዚህ ሙቀት ካልሲ አድርጎ ገንዳ ዳር የሚቆም ሰው፣ ወይ እግሩን አሞታል ወይ ፈርቷል።

መመሪያ፦ ለእህትህ ነገርካት?

ቀስታ፦ ምን እነግራታለሁ? እሷ ናት ለእኔ የነገረችኝ።

መመሪያ፦ ትንሿስ?

ቀስታ፦ እሷ አታውቅም። እሷ አንተን ነው የምታምነው።

[ከበሩ ውጪ የልጆች ጫጫታ ተሰማ። ከሁሉም በላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ “አባቴ እዚያ ውስጥ ነው!” እያለች ትናገራለች። መመሪያ ፎጣውን እስከ አገጩ ሳበው። አፈረ፤ ውስጥ ውስጡን አፈረ።]

ቀስታ፦ ስማኝ፣ ገና ሠላሳ ደቂቃ አለ። ሰሌዳዎቹን መልሼ ልትከላቸው። ትርኢቱን በሻወሩ በኩል እናድርገው፤ እዚያ የእውነት አንድ ሜትር ነው። እኔ እሰጥማለሁ፣ በደንብ እጮሃለሁ፣ ቅጠልም አልለቅምም። አንተ ገብተህ ታወጣኛለህ። ማንም አያውቅም።

መመሪያ፦ [ወደ በሩ እያየ] እውነት ማንም አያውቅም?

ቀስታ፦ እኔ እንደሆንኩ ሰው አይጠይቀኝም፤ መልሴ ይረዝማል።

[መመሪያ ከሸሚዙ ኪስ ብዕሩን አውጥቶ፣ ያቺን “ሦስት ጊዜ እርዱኝ ይላል” የምትለዋን መስመር ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዛት።]

መመሪያ፦ ምን ብዬ ልጻፍበት?

ቀስታ፦ “የሚጮኸውን ስሙ፤ ዝም ያለውን ግን እዩ” ብለህ ጻፍ።

መመሪያ፦ [እየጻፈ] ዝም... ያለውን... ግን... እዩ። ጥሩ ነው። የአረጋውያኑን ጉዞም ወደ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አምጥቼዋለሁ፤ የስፖርት ክፍል የፈለገውን ይበል። የአደጋ ስልኩም የእኔ የራሴ ይሁን፣ ቅዳሜም ይደወልልኝ። ደግሞ ሌላም ነገር። ሰጣሚው እኔ ነኝ።

ቀስታ፦ እ?

መመሪያ፦ በሕዝቡ ፊት የምሰጥመው እኔ፣ የምታወጣኝ አንተ። በሻወሩ በኩል።

ቀስታ፦ ትንሿስ?

መመሪያ፦ አሁን በሩ ላይ እነግራታለሁ። አባትሽ ዋና አይችልም፣ የሚችለው አጎትሽ ነው እላታለሁ። አፍራለሁ፤ አላፍርም ብል ውሸት ነው። ነገ ግን እሷው ወይም ጓደኛዋ እንደ እኔ ዝም ብላ ስትሰጥም፣ እኔ ያስተማርኩት ሕዝብ ጩኸት እየጠበቀ ቢቀመጥ፣ ያንን የምችልበት አንጀት የለኝም።

ቀስታ፦ [ፊቱ በዝግታ እየፈካ] ጎሽ! ግን መስጠሙን ትችልበታለህ?

መመሪያ፦ አሁንማ ሠልጥኛለሁ!

ቀስታ፦ እንግዲያው አንቱ፣ ይነሱ፤ እጅዎን ይስጡኝ።

መመሪያ፦ ተው፣ አንተ በለኝ።

ቀስታ፦ የሥራ ሰዓት አይደለም እንዴ?

መመሪያ፦ ይሁን! ነፍሴን ያዳነ ሰው በሥራ ሰዓትም አንተ ይለኛል። [ተነሥቶ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ ድንገት ቆሞ] ቆይ ግን። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እኔ ላሳይህ ብዬ ነው የገባሁት። ሦስት ጊዜ ጮኸ ወይ ብለህ አልጠበቅህም። የማስመሰል ሳይሆን የእውነት መስጠሜን በምን አወቅህ?

ቀስታ፦ አንተን? ይህ ጥያቄ ነው እንዴ? በሠርግህ ቀን ፎቶ አንሺውን ፎቶ ማንሳት ስታስተምር ነው የዋልከው። ስትበላ ታወራለህ። ስትላጭ ታወራለህ። ተኝተህም ታወራለህ፣ እህቴን ጠይቃት። እዚህ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ አንዲት ቃል አላስተነፈስከኝም። ታዲያ ያን ሁሉ ስታወራ የነበርክ ሰው ውሃ ገብተህ ድንገት ጭጭ ስትል፣ ይህ ሰው የሚያስመስል አይደለም፣ ይህ ሰው እየሞተ ነው አልኩ። ሌላ ምን ዝም ያሰኝሃል?

[መመሪያ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቃል አልመጣለትም። አማቹን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እንደገና አማቹን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ድምፅ ግን የለም።]

ቀስታ፦ ምነው? [ጠጋ ብሎ] አንተ! ምነው ዝም አልክ? [ዙሪያውን በድንጋጤ እያየ] ኧረ በደረቅ መሬት ሰጠመ! ጎማውን ላምጣ?